ፎቶው ላይ ያለው ጭቃ አይደለም፤ ገል ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ባለፈው ወር በባህልና ኪነ ጥበብ ገጻችሁ የተማሪዎችን ዐውደ ርዕይ የሚመለከት ዘገባ አውጥታችሁ ነበር። ከዘገባው ጋር ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ታትመዋል። በግራ በኩል አንድ ጥቁር ጀበና አለ፤ ከሥሩ ስሜ ከነአባቴ ስም፣ «የአራተኛ ዓመት የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ» ከሚል ጋር ተጽፏል። በቀኝ በኩል ግቢያቸው ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጡ እናት ይታያሉ፤ ከፊታቸው ሰፊ ድንጋይ፣ በእጃቸው ሌላ ድንጋይ። ከሥሩ «በቀጨኔ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጭቃ ስታቦካ» ይላል።

እማማ ጭቃ እያቦኩ አልነበረም። ገል፣ ማለትም የተሰበረ ሸክላ፣ እየፈጩ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታረም ነው።

ለዚህ ደግሞ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ጋዜጣው በወጣ ዕለት አራት ቅጂ ገዝቼ (ስሜ ሲታተም የመጀመሪያዬ ነው፤ አትፍረዱብኝ) አንዱን ይዤ ወደ ቀጨኔ ወጣሁ። እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ጋዜጣውን ራቅ አድርገው ፎቶውን አዩና «ምነው ሻሼን እንዳስተካክል ብትነግረኝ» አሉ። ከዚያ ስድስተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «አንዲት ሸክላ ሠሪ» የሚለው ላይ ምንም አላሉም። እኔ ስፈራ የነበረው እሱን ነው፤ ስማቸው አለመኖሩን። «ጭቃ ስታቦካ» ሲባል ግን ቀና አሉ።

«ማናት ጭቃ የምታቦካው?»

ልጅቷ ፎቶውን በጣቷ አሳየቻቸው።

«ጭቃ በእግር ነው የሚረገጠው። ተቀምጦ በድንጋይ ጭቃ የሚያቦካ የት ታይቷል? ይሄን ያየች ሸክላ ሠሪ ምን ትለኛለች? አርጅታ ሥራው ጠፋባት ነው የምትለኝ።» ወደ እኔ ዞሩና «በል ተማሪው፣ ሂድና አስተካክልልኝ» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥፋቱ የጋዜጠኛችሁ አይደለም። ፎቶውን ያነሳሁትም ለእሷ የሰጠኋትም እኔ ነኝ። ማምሻውን ደውላ «ሴትዮዋ ምን እየሠሩ ነው?» ስትለኝ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ረዳቱ ሒሳብ እየጠየቀኝ ነው፤ «ጭቃ እያቦኩ» አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ብናኙ አስነጥሶኛል፤ ጣቴን ቀጥቅጬበታለሁ። ነገር ግን ገል ለምን እንደሚፈጭ ለማስረዳት ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ አይበቃም፤ ጭቃ ግን ለማንም ቶሎ ይገባል። «ስታቦካ» የሚለው የእናንተ ነው። እኔ «እያቦኩ» ነው ያልኩት። የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው።

አሁን ቦታ ከሰጣችሁኝ ያኔ ሚኒባስ ውስጥ ያላስረዳሁትን ላስረዳ።

በትምህርት ቤታችን የሴራሚክ ትምህርት አንድ መንፈቅ ነው። ጭቃው ተጣርቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይሰጠናል፤ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። ጭቃ እያዞሩ ቅርጽ የሚያስይዙባቸው ሁለት መሽከርከሪያዎች አሉ፤ አንደኛዋን ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎችም ስትሠራ አላዩዋትም። ፊቱ ላይ ሙቀቱን በቁጥር የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ምድጃም አለን። የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ወፍራም ሳህን ነበር። ላዩን ሲነኩት ደርቋል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነበር። ምድጃው መቶ ዲግሪን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ውስጡ አንድ ነገር ፈነዳ። ቀዝቅዞ ሲከፈት ሳህኔ ፍርፋሪ ሆኖ፣ የሁለት ጓደኞቼንም ሥራ ይዞ ሄዷል። ውስጥ የቀረ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ መውጫ ካጣ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚወጣው። ከሁለቱ አንዷ እስካሁን «ቦምቡ» እያለች ነው የምትጠራኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ምድጃው መንገድ ላይ ስለሚቀርበት ነገር አላወራም፤ የማያውቀው የለም።

ከዚያ ጀበና ለመሥራት ተነሳሁ። ከአያቶቻችን ጀበና የተሻለ ልሠራ ነው፤ ሐሳቤ እንደዚያ ነበር። በዚያ ለስላሳ ጭቃ ሠራሁት፣ ሰማያዊ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) ቀባሁት፣ 1,200 ዲግሪ ገብቶ ወጣ። መስታወት ይመስላል። ልጆቹ ተሰብስበው «ይመረቅ» ተባለና የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ቡና ተቆላ፣ ፈንዲሻ ተፈነደሸ፣ ጀበናው ከሰል ላይ ተጣደ። ውሃው ሊፈላ ሲል «ጣ» አለ። ከቂጡ ጀምሮ እስከ አንገቱ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ወጣበት፤ ውሃው ወርዶ ከሰሉን አጠፋው። ፈንዲሻውን ያለ ቡና በላነው።

በነጋታው ስብርባሪውን ለመምህሬ ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩትና «አንተ የሠራኸው ጀበና አይደለም፤ የጀበና ሐውልት ነው» አሉኝ። ለቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ይህ እንዴት እንደሚያም ገምቱ። «ከሰል የሚችል ከፈለግህ ቀጨኔ ውጣ» ሲሉም ጨመሩበት።

ቀጨኔ ከስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ ነው። አራት ዓመት ስማር አንድም ቀን አልወጣሁም ነበር። እማማ መጀመሪያ ጀበና ሊገዛ የመጣ ደንበኛ መሰልኳቸውና ሦስት አወጡልኝ። በጣታቸው አንጓ ኳ፣ ኳ እያደረጉ ድምፁን አሰሙኝ፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ጤነኛው ይጮኻል። ልገዛ ሳይሆን ልማር እንደመጣሁ ስነግራቸው ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። በዚያ ሰፈር ወንዱ አፈር ያመጣል፣ ያለቀለትን ገበያ ያደርሳል፤ ጭቃውን ቅርጽ የሚያስይዙት ሴቶቹ ናቸው። «አፈር ተሸክመህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት አፈር ተሸከምኩ፣ ነፋሁ፣ ረገጥኩ። ጭቃ የሚባለው ያኔ ነው፤ በባዶ እግር፣ ተረከዝን እየዘፈቁ፣ ጠጠር የተሰማችበት ቦታ ላይ ጎንበስ እያሉ እየለቀሙ። እግሬ ስር ጠጠር እያለ አልፌ ከሄድኩ እማማ በኋላ በእጃቸው ያገኟትና ምንም ሳይናገሩ መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኛል።

ወደ ገሉ ልመለስ። በግቢያቸው ጥግ የስብርባሪ ክምር አለ። ሲተኮስ የተሰነጠቀ ድስት፣ አንገቱ የወለቀ ጀበና፣ ገበያ ውሎ ጆሮው ተሰብሮ የተመለሰ ማሰሮ፣ ጎረቤት ያመጣችው ያረጀ ምጣድ። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ሳምንት «እማማ፣ ይሄን ልጥልልዎት?» ብያቸዋለሁ። ከዚህ ክምር እየወሰዱ ሰፊው ድንጋይ ላይ ይወቅጡታል፣ ይፈጩታል፣ ከዚያ በወንፊት ይነፉታል። ሻካራው ለምጣድ ይቀመጣል፣ ደቃቁ ለጀበና። መለኪያቸው አንድ የዛገ የቲማቲም ጣሳ ነው፤ ለሦስት ጣሳ አፈር አንድ ጣሳ ገል። አፈሩ ከወትሮው የወፈረ ወይም የሳሳ ከመሰላቸው ጣሳውን ትተው በእፍኝ ይጨምራሉ። ከተረገጠ በኋላ ትንሽ ቆርሰው እንደ ገመድ ያድበለብሉትና ጣታቸው ላይ እንደ ቀለበት ይጠመጥሙታል። ቀለበቱ ከተሰነጣጠቀ ገሉ በዝቷል። ሳይሰነጠቅ ዝም ብሎ ከተለጠጠ ደግሞ አንሷል፤ «ይሄ ያታልላል» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲተኮስ እንደገና ይኮማተራል። ገል ግን አንድ ጊዜ እሳት አልፎታልና መኮማተሩን ጨርሷል። ከእርጥቡ ጭቃ ጋር ሲደባለቅ ይዞ ያቆመዋል፣ ውስጥ ያለው ውሃም በሰላም የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለታል፤ የእኔ ሳህን ያጣው ይህንን ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ከሰል ላይ ነው የሚታየው። የተጣደ ጀበና ቂጡ ሲግል አንገቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ታችኛው ሊሰፋ ይፈልጋል፣ ላይኛው አልሰፋም ይላል። ከዚያ ስንጥቅ ይጀምራል። ገል ባለበት ሸክላ ውስጥ ስንጥቁ ገና ሳይርቅ አንዲት የገል ቅንጣት ላይ ይደርስና እዚያው ይቆማል። ሰማያዊው ጀበናዬ ውስጥ የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። በቤታችን ድስትና ምጣድ ጉልቻ ላይ ዓመት ከዓመት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ፎቶው ላይ የሚታየው ነገር ይህ ነው።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚባለውን ተረት አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ አጠገባቸው ተናገርኩ። ደንግጬ ዝም ስል ሳቁ። «ገሉን ለሥራ እየፈለግሁት ማን ይበላበታል?» አሉኝ።

የጀበናውን ሆድ መሥራት ብዙም አላስቸገረኝም። ድብልብሉ ጭቃ ውስጥ ጡጫን ማስገባት፣ ግድግዳውን ከውስጥ በጣት ከውጭ በመዳፍ እየገፉ ማውጣት ነው፤ የቅርጻ ቅርጽ እጅ ይለምደዋል። አንገቱ ነው የገደለኝ። ሆዱ ትንሽ ጠንከር ሳይል አንገት ከተቀጠለበት ይሰምጣል፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ የተቀጠለው አይያያዝም፣ ሲተኮስ እንደ ኮፍያ ብድግ ይላል። ልኩ መቼ ነው ብላቸው እማማ የጆሮዬን ጫፍ ያዝ አድርገው «እንደዚህ ሲሆን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ እጄን ጭቃው ላይ፣ አንድ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። ጆሮዬ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። አምስት አንገት ሠራሁ፤ ሁለቱ ዘመሙ፣ አንዱ ወለቀ፣ አንዱ ሲተኮስ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ደግሞ በውስጡ ቀዳዳ መተው ረስቼ ተደፍኖ ቀረ።

ስድስተኛው ሆድ ጆሮ ያህል በለሰለሰበት ሰዓት የዐውደ ርዕዩ ቀን አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። እማማ ፊቴን አዩና «አምጣው» አሉ። ጭቃውን እንደ ገመድ አድበልብለው በሆዱ አፍ ዙሪያ አስቀመጡት፤ ግራ እጃቸው ጀበናውን ያዞራል፣ ቀኝ እጃቸው ያሳድገዋል። በአንድ የእርጥብ ቆዳ ቁራጭ አንገቱን እንደ ማቀፍ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት ቀጥ ብሎ ቆመ። ቡና የሚቀዳበትን አፍ ደግሞ ለብቻው ሠርተው፣ ሆዱን በስንደዶ ወግተው፣ ቀዳዳውን በትንሿ ጣታቸው አስፍተው ገጠሙት። በበቆሎ ቆረቆንዳ አሹት። ጎረቤታቸው የቀዳችላቸው ቡና ገና አልቀዘቀዘም ነበር። አንዴ መምህሬ ብሔራዊ ሙዚየም ወስደውን የአክሱም ዘመን ሸክላዎችን አሳይተውን ነበር፤ እነዚያም ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ያኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ አለፍኩት። ያን ቀን እማማ ግቢ ውስጥ ስለ ተበላሸችው መሽከርከሪያችን ማማረር አሳፈረኝ።

አተኳኮሱንም በአጭሩ ልበል። ትምህርት ቤት ከ573 ዲግሪ አካባቢ ስታልፉ ቀስ በሉ ይሉናል፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በዚያ ሙቀት ድንገት ስለሚሰፋ። እማማ ይህን ቁጥር አያውቁትም። ነፋስ ከመነሳቱ በፊት በማለዳ፣ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ አለመሰጣቱን አይተው፣ ጀበናዎቹን በመጀመሪያ ትንሽ እሳት ዙሪያ ይደረድሯቸውና እንደ ሕፃን ፊትና ጀርባቸውን እያዟዟሩ ያሞቋቸዋል። ውሃው የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ኩበትና ጭራሮ፣ ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ብዙ ጊዜ ከ900 ዲግሪ አይዘልም፤ ለጀበና ይበቃዋል። ፍም መስለው ሲቀሉ በረጅም እንጨት አውጥተው ቅጠልና ገለባ ውስጥ ይቀብሯቸዋል፤ አየር ያጣው ጭስ ሸክላው ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል። ዐውደ ርዕዩ ላይ ከአሥር ሰው በላይ «ምን ቀለም ቀብተኸው ነው?» ብሎኛል።

ጀበናው በስሜ ቀረበ። አንገቱ የማን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። አንድ ጎብኚ በ4,000 ብር ልግዛህ አለኝ። እማማ የእሳቸውን ለነጋዴ በ200 ብር ነው የሚያስረክቡት።

የያዘችኝ እናቴ ናት። ዐውደ ርዕዩ ካለቀ በኋላ ከደብረ ብርሃን መጣች። ጀበናውን አተላ አፍልታ አሟሸችው፤ በማግስቱ ቡና አፈላችበት። ሲቀዳ አንዲት ጠብታ ወደ ኋላ ሳትመለስ፣ ቀጭን ሆና ስኒው መሐል ወረደች። እናቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ ሳታስቀምጥ ለጥቂት ጊዜ በእጇ መዝና ቆየች።

«አንገቱን የሠራው ሰው ሆዱን አልሠራውም» አለች።

«እንዴት?»

«ሆዱ ከባድ ነው። አንገቱን የሠራ ሰው ይሄን ያህል ጭቃ አያባክንም።»

ሥራውን የመረመሩት ሦስት መምህራን ያላዩትን እናቴ በአንድ ስኒ አየችው። በነጋታው ለመምህሬ ሄጄ ነገርኳቸው። ውጤትህን እናየዋለን አሉኝ፤ የሚገባ ነው። ስለዚህ በጋዜጣችሁ ላይ ሁለተኛ እርማት አለ፤ በግራ በኩል ያለው ጀበና ሆዱ ብቻ ነው የእኔ።

ታዲያ የእሳቸውን ስም ጽፈህ ጉዳዩን ለምን አትጨርስም ትሉኛላችሁ። ያንንም አስቤ ነበር። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ስጽፈው ርዕሱ ስለ ስም ነበር። የእኔ ስም ወጥቶ የእሳቸው የቀረው ለምንድን ነው፣ ተማሪ ሲሠራው ሴራሚክ እሳቸው ሲሠሩት ሸክላ የሚሆነው ለምንድን ነው የሚል ረጅምና የተቆጣ ደብዳቤ። ይዤላቸው ሄድኩና አነበብኩላቸው። ገል ስለ መፍጨት የሚለውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስማቸው ጋ ስደርስ «እሱን አውጣው» አሉ።

ሴት ልጃቸው መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ባሏ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል። የባሏ እናት አያውቁም። ሸክላ ሠሪ ሲባል ከኋላው የሚከተለውን ቃል እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፣ ብዙዎቻችንም በልጅነታችን ከእነሱ ቤት እንዳትበሉ ተብለናል። በወላይታ ጪናሻ፣ በዳውሮ ማና እየተባሉ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ሌላ ወገን ተቆጥረው የኖሩበት አገር ነው። እኔም የተማርኩትን ልጠቅስ ብዬ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው እንደነበር፣ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነው ነገርኳቸው። እማማ በጥሞና ሰሙኝ።

«የባሏ እናት ሰምተውታል?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ስሙን አወጣሁት። የተቆጣሁባቸውንም አንቀጾች አብሬ አወጣሁ፤ ቁጣው የእኔ እንጂ የእሳቸው አልነበረም። እሳቸው የተቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ገሉ ጭቃ መባሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው እርማት ይህ ነው። በቀኝ በኩል ላለው ፎቶ ቃላቱን እማማ ራሳቸው ነግረውኛል፤ አንድም ፊደል አልጨመርኩም፦ «ለጀበና የሚሆን ገል ሲፈጭ።» ማን እንደሚፈጨው አልተጠቀሰም፤ እንደዚያ ይሁን ብለዋል። በግራ በኩል ላለው ደግሞ «ሆዱ የተማሪ፣ አንገቱ የቀጨኔ ባለሙያ» ተብሎ ይታረምልኝ። ስሜ ባለፈው ወጥቷልና በዚህ ደብዳቤ ሥር ባይወጣ ደስ ይለኛል።

ቦታ ቢጠባችሁ የእኔን እርማት ተዉትና የእሳቸውን አውጡ። ትናንት ስሄድ ያን የመጀመሪያውን ጋዜጣ የት እንዳስቀመጡት ጠይቄያቸው ነበር። «የተሳሳተውን ምን ላድርገው? ለሽሮ ሜዳ የሚሄዱትን ጀበናዎች ጠቀለልኩበት» አሉኝ። ለትክክለኛው ቅጂ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትተው እየጠበቁ ነው።

የአራተኛ ዓመት የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ
ከስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ